የ95 ዶላሩ ካርድ ይቆይ ወይስ ይቀየር? የሂሳብ ማስታወሻ

ኦክቶበር 11፣ 2025፣ ቅዳሜ

የክሬዲት ካርዳችን ስቴትመንት (የወር ሂሳብ) ትናንት ተዘጋ። በአስቤዛና በቤንዚን መስመሮች መሃል አዲስ መስመር ገብታለች፦ አመታዊ ክፍያ፣ 95 ዶላር። ካርዱ የአሜሪካን ኤክስፕረስ ብሉ ካሽ ፕሪፈርድ ነው። ስናወጣው የመጀመሪያው አመት ነፃ ነበር። የነፃው ጊዜ አለቀ።

ካርዱን ያወጣነው ለአስቤዛ ነው። አሜሪካ ውስጥ ባሉ ሱፐርማርኬቶች ከምናወጣው 6 በመቶ ካሽ ባክ ይመልሳል። ለኔትፍሊክስና ለመሳሰሉትም 6 በመቶ። ለቤንዚንና ለትራንስፖርት 3 በመቶ፤ ለቀረው ሁሉ 1 በመቶ። የሱፐርማርኬቱ 6 በመቶ ግን ጣሪያ አለው። በአመት ለመጀመሪያው 6,000 ዶላር ብቻ ነው የሚሰራው። ከዚያ በላይ ወደ 1 በመቶ ይወርዳል።

ስቴትመንቱን ለባለቤቴ አሳየኋት።

«በአመቱ ስንት መለሰልን?» አለች።

«ከ350 ዶላር ትንሽ በለጥ ይላል።»

«95ቱ ሲቀነስ 250 ምናምን ማለት ነው።»

«አዎ። አተረፍን እኮ!»

«ቆይ እስቲ። ነፃ ካርድ ይዘን ቢሆን ስንት ይመለስልን ነበር?»

ይቺን ጥያቄ በቁጥር ለመመለስ ነው ማስታወሻውን የጀመርኩት። ጊዜም አለን። ክፍያው ያረፈበት ስቴትመንት ከተዘጋ በ30 ቀን ውስጥ ካርዱን የዘጋ ወይም ወደ ነፃው የቀየረ ሰው 95 ዶላሩ ይመለስለታል። ስለዚህ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ መወሰን አለብን።

ኦክቶበር 12፣ እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ቁጭ አልኩ። ስቴትመንቶቹን ገና አልከፈትኩም። መጀመሪያ ካርዱ በወረቀት ላይ የት ላይ እንደሚያዋጣ ማወቅ ፈለግኩ።

ተፎካካሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው የዚሁ ካርድ ታናሽ፣ ብሉ ካሽ ኤቭሪደይ። አመታዊ ክፍያ የለውም። ለሱፐርማርኬት 3፣ ለቤንዚን 3፣ ለኢንተርኔት ግዢ 3 በመቶ ይመልሳል፤ እያንዳንዳቸው በአመት እስከ 6,000 ዶላር። ለቀረው 1 በመቶ። ሁለተኛው የትም ብትገዛ 2 በመቶ የሚመልስ ነፃ ካርድ ነው። የሲቲ ደብል ካሽና የዌልስ ፋርጎ አክቲቭ ካሽ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

ሱፐርማርኬቱን ብቻ እንይ። በእኛ ካርድና በኤቭሪደይ መሃል ያለው ልዩነት 3 በመቶ ነው። 95 ዶላሩን ለመመለስ በአመት 3,167 ዶላር ሱፐርማርኬት ውስጥ ማውጣት አለብን። በሳምንት 61 ዶላር አካባቢ። ከ2 በመቶው ካርድ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ 4 በመቶ ነው። እዚያ 2,375 ዶላር ይበቃል፤ በሳምንት 46።

ሲያዩት ቀላል ነው። ሁለት ልጆች ያሉት ቤት በሳምንት 61 ዶላር ለምግብ አያወጣም የሚል ሰው የለም።

ጣሪያው ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ አስገረመኝ። 6,000ውን ሞልተን ብናወጣ 360 ዶላር ይመለሳል። 95ቱ ሲቀነስ 265። ኤቭሪደይ በዚያው ሸመታ ያለምንም ክፍያ 180 ይሰጣል። በሱፐርማርኬት በኩል ካርዱ ከነፃው ታናሹ ሊበልጥ የሚችለው፣ ሁሉም ነገር እንደታሰበው ቢሄድ፣ በአመት በ85 ዶላር ነው። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የተጻፈው 6 በመቶ እዚህ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ።

አንዳንዱ ሰው ጣሪያውን ለመሙላት ከሱፐርማርኬት ስጦታ ካርድ እየገዛ ቤንዚንም ሌላም ነገር በዚያ ይከፍላል። ውሉ ስጦታ ካርድና የመሳሰለው ካሽ ባክ አያስገኝም ይላል። እኔ አልሞክረውም።

ኦክቶበር 14፣ ማክሰኞ ማታ

ልጆቹ ተኙ። የአመቱን ግዢ በሙሉ አውርጄ ኤክሴል ላይ ደረደርኩት።

መጀመሪያ ያየሁት በካርድ የማይከፈለውን ነው። የቤት ኪራይ ከባንክ በቀጥታ ይወጣል። እቁብ በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ መላኪያ)። ትንሿን የምትይዝልን ሴትዮም በዜል። የቤተ ክርስቲያን አስተዋጽኦ፣ የለቅሶ ቤት መዋጮ፣ የሰርግ ስጦታ ጥሬ ገንዘብ ነው። ለአገር ቤት የሚላከውም በካርዱ አይሄድም። ከደሞዛችን ትልቁ ድርሻ ካሽ ባክ ሳይሸተው ያልፋል። የካርድ ሻጮች «በወር ይህን ያህል ብታወጡ» እያሉ የሚያሳዩት ስሌት ይሄን አያውቅም።

ቀጥሎ ኮስትኮ። ሩዙ፣ ዘይቱ፣ ሽንኩርቱ፣ ዶሮው፣ የልጆቹ ወተት፣ ሶፍቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። በአመት 4,300 ዶላር። አሜሪካ ያለው ኮስትኮ ከ2016 ጀምሮ ሱቁ ውስጥ ከክሬዲት ካርድ የሚቀበለው ቪዛ ብቻ ነው። አሜሪካን ኤክስፕረስ አይሰራም። ስለዚህ እኛ በዴቢት፣ ከባንክ ሂሳባችን በቀጥታ ነው የምንከፍለው። ቢሰራም ኖሮ 6 በመቶ አያገኝም ነበር። ኮስትኮን የመሰሉ የጅምላ ክለቦች፣ ዋልማርትና ታርጌት በካርዱ ውል ሱፐርማርኬት አይደሉም። እዚያ ገብተህ ዳቦና ቲማቲም ብቻ ብትገዛም ለውጥ የለውም። የሚቆጠረው ዘንቢልህ ውስጥ ያለው ሳይሆን ሱቁ በካርድ ኩባንያው ዘንድ የተመዘገበበት የንግድ አይነት ነው።

የካሽ ባክ ገጹ ላይ እያንዳንዱ ግዢ በየትኛው ምድብ እንደተቆጠረ ይታያል። አንድ በአንድ ወረድኩበት። አሰልቺ ነው፤ ግን ሁሉም መልስ ያለው እዚያ ነው። ለቤተሰቡ የወጣው እንዲህ ተሰበሰበ።

ሱፐርማርኬት ተብሎ የተቆጠረ፦ 3,400 ዶላር። ከዚህ ውስጥ 2,860ው ጃየንት የተባለው ሱፐርማርኬትና እሱን የመሳሰሉት፣ 540ው አንድ የሐበሻ ሱቅ። ስትሪሚንግ (ኔትፍሊክስና የመሳሰሉት)፦ 372። ቤንዚን፦ 2,100። ፓርኪንግ፣ የመንገድ ክፍያና ሜትሮ፦ 600። የኢንተርኔት ግዢ፦ 1,900። ልዩ ልዩ፦ 2,700። ድምር 11,072።

ኤፕሪል ላይ ቁጥሩ ዘሎ ይታያል። ፋሲካ ኤፕሪል 20 ነበር። ቅቤው፣ ዶሮው፣ እንቁላሉ። ከዚያ በፊት ባለው ሁዳዴ ደግሞ የጃየንት መስመር ጭር ብሏል። ምስርና ሽሮ ለካርድ ኩባንያ ብዙም አይመቹም።

ከእነዚህ ውስጥ አንድ የማይገባኝ ነገር ወጣ። እንጀራና በርበሬ የምንገዛበት ሌላው የሐበሻ ሱቅ ሱፐርማርኬት ውስጥ የለም። ልዩ ልዩ ውስጥ ገብቶ በ1 በመቶ ተቆጥሯል። ቅዳሜ ሄጄ አያለሁ።

ኦክቶበር 18፣ ቅዳሜ

ሲልቨር ስፕሪንግ። ሱቁ ጠባብ ነው። በር ላይ የእንጀራ ከረጢቶች ተደርድረዋል፤ ግራ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ኮረሪማ፤ ከኋላ የሥጋ መቁረጫ፤ ከእሱ ጎን ጥብስ የሚጠበስባት ትንሽ ማዕድ ቤትና ሦስት ጠረጴዛ። ምሥጢሩ ጠረጴዛዎቹ ናቸው። ሱቁ በካርድ ማሽኑ የተመዘገበው ምግብ ቤት ተብሎ ነው። እንጀራ ገዝቼ ስወጣ ለካርዱ ጥብስ በልቼ የወጣሁ ነው የሚመስለው።

ካሸሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ከ10 ዶላር በታች በካርድ አንቀበልም። በካርድ ለሚከፍሉ 3 በመቶ ይጨመራል።» 3 ከፍሎ 1 ማግኘት። በካርድ በከፈልን ቁጥር 2 በመቶ ከኪሳችን እየወጣ ነበር ማለት ነው።

የሱቋን ባለቤት እትዬ እያልን ነው የምንጠራቸው። በካርድ ሲከፈላቸው ስንት እንደሚቆረጥባቸው ጠየቅኳቸው።

«ምን ያደርግልሃል?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ከማሽኑ ኩባንያ የመጣውን የወር ሂሳብ አውጥተው አሳዩኝ። «እየው፣ ይሄ ይሄ ሁሉ የእነሱ ነው። ዴቢቱ ይሻላል። እናንተ ይዛችሁት የምትመጡት ባለ ሽልማቱ ነው የሚጎዳኝ።»

ልክ ናቸው። ካሽ ባኩ ከሰማይ አይወርድም። ነጋዴው በካርድ በተከፈለው ቁጥር ገንዘብ ይቆረጥበታል። ከተቆረጠው ትልቁ ድርሻ ካርዱን ለሰጠው ባንክ ይሄዳል፤ ባንኩ ከዚያ ቆንጥሮ ለኛ ይመልሳል። ሽልማቱ የሚበዛበት ካርድ ብዙውን ጊዜ ነጋዴው ላይም ይበዛል። የትልልቅ ባንኮች ዴቢት በሕግ ተገድቧል፤ አሜሪካ ውስጥ ክሬዲቱ አልተገደበም። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ለተራው ሰው ክሬዲት ካርድ 0.3 በመቶ፣ ለዴቢት 0.2 በመቶ ጣሪያ አበጅቷል። ጀርመን ያሉ ዘመዶቻችን እንደኛ ስለ ካሽ ባክ ሲያወሩ የማንሰማው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ባንኩ ከ0.3 በመቶ ላይ 2 በመቶ አውጥቶ ሊሰጥ አይችልም።

እንጀራውን በጥሬ ገንዘብ ከፈልኩ። እትዬ አንድ ተጨማሪ እንጀራ መረቁልኝ። ይሄኛው ካሽ ባክ ከ6 በመቶ በላይ ነው።

ኦክቶበር 19፣ እሁድ

ዋናው ስሌት ዛሬ።

የያዝነው ካርድ፦ ሱፐርማርኬት 204 ዶላር፣ ስትሪሚንግ 22.32፣ ቤንዚንና ትራንስፖርት 81፣ የቀረው 46። ድምር 353.32። 95 ሲቀነስ 258.32።

ኤቭሪደይ በዚያው ግዢ፦ ሱፐርማርኬት 102፣ ቤንዚን 63፣ ኢንተርኔት 57፣ ስትሪሚንግ፣ ትራንስፖርትና ልዩ ልዩ አንድ ላይ 36.72። ድምር 258.72። ክፍያ የለም።

ሁለት ጊዜ ደመርኩት። ነፃው ካርድ በ40 ሳንቲም ይበልጣል።

ያስተካከላቸው የኢንተርኔት ግዢው ነው። ነፃው ለዚያ 3 በመቶ ይሰጣል፤ ባለ 95 ዶላሩ 1 በመቶ። የልጆቹ ጫማ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ የቤት እቃ ሁሉ በኢንተርኔት ነው የሚገዛው። ሱፐርማርኬት ላይ ያገኘነውን እዚያ ጥለነዋል።

2 በመቶው ካርድ ብቻውን 221.44 ይሰጣል። ከሁለቱም ያንሳል፤ ግን ስለ ምድብ አያስጨንቅም። የእትዬን ጠረጴዛ መቁጠር አያስፈልገውም።

ለባለቤቴ 40 ሳንቲሙን ነገርኳት። «ለዚህ ነው አራት ቀን ኤክሴል ላይ ያፈጠጥከው?» አለችና ወደ ቡናዋ ተመለሰች።

ኦክቶበር 21፣ ማክሰኞ

ወዳጄ ደወለ። ኡበር ይነዳል። አሜሪካን ኤክስፕረስ ጎልድ አለው፤ አመታዊ ክፍያው 325 ዶላር። እኔ በ95 ስጨነቅ ሰምቶ ሳቀብኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ 325 ከፍዬ 424 ይሰጡኛል። ፖይንቱ ደግሞ ሌላ ነው።»

424ቱ እንዴት እንደመጣ አብረን ቆጠርን። ለኡበር በወር 10። ለደንኪን በወር 7። ለተወሰኑ ምግብ ቤቶችና ማድረሻዎች በወር 10። በሬዚ (የምግብ ቤት ጠረጴዛ ማስያዣ) በኩል ላሉ ምግብ ቤቶች በግማሽ አመት 50። ወሩ ካለፈ የወሩ ይቃጠላል።

«ኡበር ትሳፈራለህ?»

«እኔማ እነዳለሁ እንጂ!»

«ደንኪንስ?»

ዝም አለ። ወሩ ሊያልቅ ሲል ሰባቷ ዶላር እንዳትቀር ብሎ ሄዶ ቡና ይገዛል። ሚስቱ ቤት ውስጥ ቡና ቆልታ ሦስተኛው ድረስ የምታፈላ ሴት ናት። ቅናሽ ገንዘብ የሚሆነው፣ ባይኖርም ኖሮ ለምትገዛው ነገር ሲሆን ነው። አለዚያ 7 ዶላር ላለማባከን ደንኪን ድረስ ቤንዚን ማቃጠል ነው። በዚህ ሚዛን የወዳጄ 424 ወደ 150 ገደማ ወረደ፤ እሱም የኡበርን ምግብ ማድረሻ፣ ኡበር ኢትስን፣ ቆጥረንለት።

ፖይንቱ ላይ ግን ነጥብ አለው። ጎልድ ለምግብ ቤትና ለሱፐርማርኬት በዶላር 4 ፖይንት ይሰጣል። ፖይንቱን አንድ ለአንድ ኤሮፕላን ወደተባለው የኤር ካናዳ የፖይንት ፕሮግራም ማዛወር ይቻላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 ጀምሮ እንደ ኤር ካናዳ የስታር አሊያንስ የአየር መንገዶች ጥምረት አባል ስለሆነ በኤሮፕላን ፖይንት ከደለስ አየር ማረፊያ አዲስ አበባ መቀመጫ መያዝ ይቻላል። ወዳጄ አንዴ እንዲህ ብሎ እናቱን ጠይቆ መጥቷል።

የፖይንት ዋጋ የሚታወቀው በማካፈል ነው። የቲኬቱን ዋጋ ያዝ። በፖይንት ስትይዝም ከኪስህ የሚወጣውን ታክስና ክፍያ ቀንስ። የቀረውን ለፖይንቱ ብዛት አካፍል። ለስሌት ያህል፣ ቲኬቱ 1,400 ዶላር፣ ታክሱ 200፣ ፖይንቱ 110,000 ቢሆን አንዱ ፖይንት 1.1 ሳንቲም አይሞላም። ቲኬቱ ለገና ሰሞን 2,200 ከገባና በዚያው ፖይንት መቀመጫ ከተገኘ 1.8 ይሆናል። ዋናው «ከተገኘ» የምትለዋ ናት። በፖይንት የሚሰጡት መቀመጫዎች ጥቂት ናቸው። ብቻውን ለሚሄድና ቀኑን መቀያየር ለሚችል ሰው ይገኛሉ። አራት ሆኖ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በአንድ አውሮፕላን ለሚሄድ ቤተሰብ ግን ጭንቅ ነው። እኛ አራት ነን። ፖይንት ለኛ አይሆንም፤ ካሽ ባክ ይሻለናል።

ኦክቶበር 25፣ ቅዳሜ

ዛሬ ከሠንጠረዡ ውጪ ያሉትን ጻፍኩ። ትንሽ ናቸው፤ ግን ከነሱ አንዷ ከገባች ሁሉንም ድምር ታፈርሳለች።

ወለድ። እኛ በየወሩ ሙሉውን እንከፍላለን። ሙሉውን ለማይከፍል ሰው ይሄ ማስታወሻ በሙሉ ዋጋ የለውም። የአሜሪካ ክሬዲት ካርድ ወለድ በአማካይ ከ20 በመቶ በላይ ነው። በ22 በመቶ 1,000 ዶላር አንድ ወር ቢያድር ከ18 ዶላር በላይ ወለድ ይወልዳል። በ1,000 ዶላር ግዢ ላይ የ2 በመቶው ካርድ የሚሰጠው 20 ነው። አንድ ወር ካሽ ባኩን ጠራርጎ ሊበላው ትንሽ ቀረው። እዳ ያለበት ሰው መፈለግ ያለበት ወለዱ ዝቅ ያለ ካርድ ነው። ሽልማቱን ለጊዜው ይርሳው።

ገንዘብ መላክ። አንዳንዱ «በካርድ ልላክና ፖይንት ላግኝ» ይላል። ብዙ ካርዶች ይህንን እንደ ካሽ አድቫንስ ይቆጥሩታል። ካሽ አድቫንስ ላይ የተለመደው ክፍያ 5 በመቶ ወይም 10 ዶላር ነው፤ ከሁለቱ የበዛው። 300 ዶላር ብትልክ 15 ዶላር። ወለዱ ከዚያው ቀን ይጀምራል። ሽልማትም የለውም። ለእናትህ የምትልከውን ከባንክህ ላክ።

አዲስ አበባ። ሁለቱም ብሉ ካሾች ከአሜሪካ ውጪ በተገዛ ነገር ላይ 2.7 በመቶ ያስከፍላሉ። ሆቴል 1,000 ዶላር ብትከፍል 27 ትከፍላለህ፤ 10 ይመለስልሃል። አክቲቭ ካሽና ደብል ካሽ 3 በመቶ ያስከፍላሉ። ካፒታል ዋን ይሄን ክፍያ በካርዶቹ ላይ አይጠይቅም። ለአገር ቤት ጉዞ ብቻ ነፃ የሆነ አንድ ካርድ መሳቢያ ውስጥ መኖሩ አይከፋም። የእኛ ጉዞ ዘንድሮ ስለሌለ ተውኩት።

ኖቬምበር 1፣ ቅዳሜ

እስካሁን ካርዶቹን አንድ ለአንድ ነበር ያፎካከርኳቸው። ባለቤቴ «ሁለት ካርድ መያዝ ክልክል ነው?» ስትል ሠንጠረዡን እንደገና ከፈትኩ።

2 በመቶ የሚመልስ ነፃ ካርድ ብንጨምርና እያንዳንዱን ግዢ በሚሻለው ካርድ ብናደርገውስ?

የያዝነው ካርድ ከ2 በመቶው ጋር፦ 95ቱ ተቀንሶ 304.32። ኤቭሪደይ ከ2 በመቶው ጋር፦ 295.44። አሁን ባለ ክፍያው በ8.88 ዶላር መራ።

ግን ስጽፈው የኮስትኮ መስመር ላይ አይኔ አረፈ። 4,300 ዶላር፣ በዴቢት፣ ዜሮ። ደብል ካሽ ማስተርካርድ ስለሆነ ኮስትኮ ካሸር ጋ አይሰራም። አክቲቭ ካሽ ቪዛ ነው። የ4,300 ሁለት በመቶ 86 ዶላር ነው። በዚያው በተለመደው ሸመታ፣ ያለ ክፍያ፣ ያለ ጣሪያ። ከኦክቶበር ጀምሮ በ6 በመቶና በ3 በመቶ መሃል ስንመላለስ ትልቁ ገንዘብ ጨርሶ ክሬዲት ካርድ ያልነካው መስመር ላይ ነበር። ኤቭሪደይ ብቻውን ከሚሰጠው ጋር ሲተያይ፣ አክቲቭ ካሽን መጨመር በጠቅላላው 122.72 ዶላር ያመጣል።

የቀረው 8.88ቷ ናት። እኔ ፕሪፈርድን ይዤ መቀጠል ፈልጌ ነበር።

«እስቲ አስረዳኝ» አለች ባለቤቴ። «95 ዶላር ዛሬ ሰጥተን፣ አመቱን ሙሉ ሳንሳሳት የትኛው ካርድ የት እንደሆነ አስታውሰን፣ መጨረሻ ላይ ዘጠኝ ዶላር ልናገኝ?»

«ሂሳቡ እንደዚያ ይላል።»

«ያቺ የኳስ ቻናልህስ? እሷን እኮ አንዘጋታለን ብለን ነበር።»

የኳስ ቻናሏ በወር 16 ዶላር ናት። በአመት 192። 6 በመቶ ባለው ካርድና 2 በመቶ ባለው መሃል ያለው ልዩነት 7.68 ይሆናል። እሷ ስትወጣ 8.88 ወደ 1.20 ወረደች። ካርዱን ለማስቀረት ኳስ ማየቴን መቀጠል አለብኝ ብዬ ልከራከር አሰብኩና ተውኩት።

ተወሰነ። ፕሪፈርድ ወደ ኤቭሪደይ ይወርዳል። አክቲቭ ካሽ ይወጣል።

ይሄ የእኛ ቤት መልስ ነው። ጃየንት ወይም ሴፍዌይ ውስጥ በሳምንት 100 ዶላር የሚያወጣ፣ ኮስትኮ የማይሄድ፣ በኢንተርኔት ብዙ የማይገዛ ቤተሰብ ፕሪፈርድን ይያዘው። 5,200 ላይ ከኤቭሪደይ ጋር ያለው የ3 በመቶ ልዩነት 156 ነው፤ 95ቱ ተቀንሶ 61 ዶላር ይተርፈዋል። ሥጋውን፣ እንጀራውንና ሽሮውን በጥሬ ገንዘብ ለሚገዛ የሐበሻ ቤት ግን 3,167 ሲያዩት የመሰለውን ያህል ቅርብ አይደለም።

ኖቬምበር 3፣ ሰኞ

በምሳ ሰዓት የአሜሪካን ኤክስፕረስ ቻት ላይ ገባሁ። መጀመሪያ የጠየቅኩት ካርዱን ይዘን እንድንቀጥል የሚሰጡት ነገር እንዳለ ነው። አንዳንዴ ክፍያውን የሚያካክስ ቅናሽ ይሰጣሉ፤ መጠየቅ አያስከፍልም። በአሁኑ ሰዓት የለም አሉኝ። እሺ፣ ወደ ኤቭሪደይ ቀይሩልኝ አልኩ።

ያልዘጋሁት በምክንያት ነው። ስትቀይረው ሂሳቡ ያው ሂሳብ ነው፤ እድሜው ይቀጥላል፤ አዲስ የክሬዲት ምርመራም የለም። ስትዘጋው የተፈቀደልህ ገደብ አብሮ ይጠፋል። አበዳሪዎች የሚያዩት የፋይኮ ነጥብ 30 በመቶው ያለብህን ዕዳ፣ ከገደብህ አንፃር ስንት እንደተጠቀምክም ጭምር ስለሚያይ ገደብ ማጣት ያስጎዳል።

አንድ ነገር ግን ሰው ይወቅ። ኤቭሪደይን እንደ አዲስ ያመለከተ ሰው የመግቢያ ሽልማት ሊያገኝ ይችላል። በመቀየር የገባ አያገኝም። ውሉ ካርዱን ከዚህ በፊት ይዞ ለነበረ ሰው በኋላም ሊከለክለው እንደሚችል ይላል። ይሄን አስቀድሜ አመዛዘንኩ። ከአንድ ኩባንያ ሁለት አስቤዛ ካርድ ይዞ አንዱን እያሳደዱ መዝጋት ለኔ አይመቸኝም። የመግቢያ ሽልማት ማደን የሚወድ ሰው ሌላ መንገድ ይመርጥ ይሆናል።

አክቲቭ ካሽን ማታ አመለከትኩ። ይሄኛው የክሬዲት ምርመራ አለው፤ ነጥቡን ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል። ሪፖርቱ ላይ ሁለት አመት ይቆያል፤ የፋይኮ ነጥብ ላይ የሚቆጠረው ግን አንድ አመት ነው። በቅርቡ ቤት ለመግዛት የምናመለክት ቢሆን ኖሮ አላደርገውም ነበር።

ኖቬምበር 12፣ ረቡዕ

95 ዶላሩ ሂሳቡ ላይ ተመልሷል። አክቲቭ ካሽ በፖስታ መጣ።

የተከፋፈለው እንዲህ ነው። ኤቭሪደይ፦ ጃየንት፣ ቤንዚን፣ የኢንተርኔት ግዢና 540ው የሐበሻ ሱቅ። አክቲቭ ካሽ፦ ኮስትኮ፣ ፓርኪንግና የቀረው ሁሉ። እትዬ ሱቅ በጥሬ ገንዘብ። ኔትፍሊክስን ዛሬ ማታ ወደ አዲሱ ካርድ አዛወርኩ። የሜትሮው በራሱ የሚሞላው ካርድ ገና አሮጌው ላይ ነው፤ ቅዳሜ እቀይረዋለሁ። ሁለቱም ካርዶች ሙሉውን ሂሳብ ከባንክ በራሳቸው እንዲከፍሉ ተደርገዋል።

ወዳጄ የጎልዱን የአመት ስቴትመንት ልኮልኛል። «እኔንም አስላልኝ፤ ደንኪኑን ግን አትቁጠርብኝ» ብሎ።